«ብርድ ነው» የሚባለው የሕፃናት ሕመም

ዓለም ባንክ በተከራየሁበት ግቢ የአከራዬ የአምስት ዓመት ልጅ ሦስት ቀን በትኩሳት ነደደች፡፡ ሳልም ጉንፋንም አልነበረባትም፤ ስትሸና ግን ታለቅስ ነበር፡፡ እናቲቱ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ጨመቁላት፤ ጎረቤት ደግሞ «ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ብርድ መትቷት ነው» አሉ፡፡ በአራተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ሽንቷ ቢመረመር የሽንት ቧንቧ ሕመም ሆኖ ተገኘ፡፡

ውድ አንባቢ ሆይ፤ የዚህ ሕመም ዋነኛ ምክንያት ብርድ አይደለም፡፡ በ1885 እ.ኤ.አ. የሕፃናት ሐኪሙ ቴዎዶር ኤሸሪሽ ያገኘው፣ በአንጀታችን የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ነው፡፡ የሴት ልጅ የሽንት ቧንቧ አጭር ስለሆነ በቀላሉ ወደ ፊኛ ይዘልቃል፤ ከፊት ወደ ኋላ መጥረግን ማስተማር የሚገባውም ስለዚህ ነው፡፡ ጡት የሚጠባ ሕፃን ግን የት እንዳመመው አይናገርም፤ ያተኩሰዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ጡት እንቢ ይላል፡፡ ሕክምናው ከዘገየ ኩላሊት ላይ ጠባሳ ሊቀር ይችላል፡፡

እኔን መምህሩን የሚያሳስበኝ ሌላም ነገር አለ፡፡ ሽንት ቤቱ መዝጊያና ውሃ በሌለው ትምህርት ቤት ልጃገረዶች እስከ መውጫ ደወል ሽንታቸውን ይይዛሉ፤ እንዳይመጣባቸውም ውሃ አይጠጡም፡፡ ፊኛ ውስጥ የቆየ ሽንት ለባክቴሪያ መራቢያ ነው፡፡ (እኛም መምህራን «ተቀመጪ» እያልን እንከለክላለን፡፡)

ልጅቷን በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት፡፡ እናቲቱ የቀረውን ሽሮፕ ለሌላ ጊዜ ሊያኖሩት ነበር፡፡ «እትዬ፣ ሐኪሙ ያዘዘው ቀን ካልሞላ የተረፈው ተሕዋስ መድኃኒቱን ይለምደዋል» አልኳቸው፡፡ ጠርሙሱን ከቁም ሣጥኑ መልሰው አወጡት፡፡