ግድግዳ ወደሌለው ቢሮ ተመለሱ

የአማዞን ዋና ሥራ አስፈጻሚ አንዲ ጃሲ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ለሠራተኞቻቸው የላኩት ደብዳቤ ዓለምን ያነጋገረው በአንድ ትዕዛዙ ነው፤ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በሳምንት አምስቱንም ቀን ቢሮ መግባት። እዚያው ደብዳቤ ላይ ግን ብዙ ያልተወራላት ሌላ ሐሳብ ነበረች። በሲያትል አካባቢና በዋሽንግተን ዲሲ አፍንጫ ሥር ባለችው አርሊንግተን ለየሠራተኛው የተመደበ ጠረጴዛ እንደ ድሮው ይመለሳል ትላለች። እኔን የሳበችኝ ይህቺ ናት። ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ ብዙ ኩባንያዎች ቋሚ ጠረጴዛን አስቀርተው ቀድሞ የመጣ ይቀመጥ ብለው ስለነበር፣ ሰዉ ከቤቱ ወጥቶ፣ በመንገድ ተንገላቶ ሲደርስ የመጀመሪያ ሥራው መቀመጫ መፈለግ ሆኖ ነበር። ወራት ሳይቆይ አማዞን ራሱ በአንዳንድ ከተሞች ለሁሉም የሚበቃ ቦታ ስላልተዘጋጀ የመመለሻውን ቀን ለማራዘም ተገዷል።

ወደ ቢሮ ስለመመለስ የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በስንፍናና በዲሲፕሊን ዙሪያ ይሽከረከራል። አለቃው «ቤት ተቀምጦ ማን ይሠራል?» ይላል፤ ሠራተኛው ታዲያ በኮሮና ጊዜ ያንን ሁሉ ሥራ ማን ሠራው ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ዋናውን ነገር የዘለሉት ይመስለኛል። ተመለሱ የሚባለው ወደ ምን ዓይነት ክፍል ነው? ኮሮና ሳይመጣም ሰው ያማረረው ግድግዳ አልባ አዳራሽ እኮ ነው።

የግድግዳ አልባው ቢሮ ጅማሬ ክፉ አልነበረም። በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ሃምቡርግ አቅራቢያ ይሠሩ የነበሩት ወንድማማቾቹ ኤበርሃርድና ቮልፍጋንግ ሽኔለ፣ ረጅሙን ኮሪደርና በግራ ቀኙ የተደረደሩትን ዝግ ክፍሎች ትተው ጠረጴዛዎቹን የሰውና የወረቀት ምልልስ እንደሚጠይቀው በሰፊ አዳራሽ በተኗቸው፤ በየመሀሉም ተክል አስገቡ። በ1968 ደግሞ በቢሮ ዕቃ አምራቹ ሄርማን ሚለር ይሠራ የነበረው ሮበርት ፕሮፕስት ሠራተኛው እንደ ሥራው ጠባይ የሚያዘዋውረው መከፋፈያ ለገበያ አቀረበ። ቀጣሪዎች ወደዱት። ዓይናቸው ያረፈው ግን በነፃነቱ ላይ ሳይሆን በአንድ ወለል ስንት ሰው እንደሚያስገባ ላይ ነበርና መከፋፈያው ጠባብ ሳጥን ሆኖ ቀረ፤ ፕሮፕስት ራሱ በኋላ አምርሮ ነቅፎታል። ከ2000 ወዲህ ያቺ ሳጥንም ተነሳች። ፌስቡክ በ2015 ሜንሎ ፓርክ ላይ በፍራንክ ጌሪ ንድፍ ሠርቶ የገባበት ሕንፃ ወደ 2,800 ሰው በአንድ ግዙፍ አዳራሽ የሚያስቀምጥ ነበር። ሰው ሲተያይ ይነጋገራል፣ ሲነጋገር አዲስ ነገር ይፈጠራል የሚል ነበር ስብከቱ።

ይህን ስብከት ኢታን በርንስታይንና ስቲቨን ተርባን የተባሉ ተመራማሪዎች በተግባር ፈተኑት። መከፋፈያዎችን አፍርሰው ወደ ክፍት አዳራሽ ሊዛወሩ በተዘጋጁ ሁለት ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ውስጥ፣ ፈቃደኛ ሠራተኞች ማን ከማን ጋር ፊት ለፊት እንደሚነጋገር የሚመዘግብ መሣሪያ አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። በ2018 የታተመው ውጤት የፊት ለፊት ንግግር 70 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ ያሳያል። ኢሜይሉና የጽሑፍ መልእክቱ በአንጻሩ ጨመረ። ግድግዳው ሲፈርስ ሰው ሌላ ግድግዳ ሠራ ማለት ነው፤ ጆሮ ማዳመጫ አጠለቀ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ አልነቅል አለ፣ ሁለት ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ባልደረባው መልእክት ጻፈ። መቼም ሁሉም በሚሰማበት ስለ ደመወዙ፣ ስለ ታመመ ልጁ ወይም ስላልገባው ሥራ አፉን ሞልቶ የሚያወራ ጥቂት ነው።

ጫጫታውም ቀላል አይደለም። በተለይ የሚያውከው የማሽን ድምፅ ሳይሆን ቃሉ የሚለይ የሰው ንግግር ነው። በ2010 የወጣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንዳሳየው፣ የሁለት ሰዎችን ሙሉ ወግ ከመስማት ይልቅ አንድ ሰው በስልክ ሲያወራ ግማሹን ብቻ መስማት ሐሳብን ይበልጥ ይሰርቃል፤ አእምሮ የጎደለውን ለመሙላት ይታገላል። በዴንማርክ የተደረገና በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በክፍት አዳራሽ የሚሠሩት ለብቻቸው ክፍል ካላቸው 62 በመቶ የበለጠ የሕመም ፈቃድ ቀን እንደወሰዱ መዝግቧል።

ወረርሽኙ ይህን ሁሉ ቅሬታ ወደ ንጽጽር ለወጠው። ቀድሞ ቢሮ ማለት እንዲህ ነው ብሎ የተቀመጠው ሠራተኛ በሩን ዘግቶ ሦስት ሰዓት ሳያቋርጥ መሥራት ምን እንደሚመስል አየ። (ልጅና ዘመድ በሞላበት ጠባብ አፓርታማ ለሠራው ቢሮ መግባቱ እፎይታ እንደነበር አልክድም።) ሲመለስ የጠበቀው ደግሞ የባሰ ነበር፤ የቡድኑ አባላት በሌላ ከተማ ስላሉ አዳራሹ መሀል ቁጭ ብሎ በዙም መሰብሰብ። በግራውም በቀኙም ያለው እንደዚያው በየራሱ ዙም ያወራል። ተመለሱ የሚለውን ደብዳቤ የሚፈርሙት ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚዘጋ በር ያላቸው መሆናቸው ሠራተኛው ሳያስተውለው አይቀርም።

በዲሲ አካባቢ የሚኖሩት የእኛ ሰዎች ይህን በቅርብ አይተውታል። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025፣ በበዓለ ሲመታቸው ቀን፣ የፌዴራል ሠራተኞች ሙሉ በሙሉ ወደ ቢሮ እንዲመለሱ አዘዙ። ብዙ ኢትዮጵያዊ በሚኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዋይት ኦክ በሚገኘው የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ግቢ፣ በማርች ወር ሠራተኛው ሲመለስ የጠበቀው ረጅም የፍተሻ ሰልፍና የመኪና ማቆሚያ እጥረት ነበር፤ ጠረጴዛ ያጣም ነበረ።

ሌላም ገጽ አለው። በዲሲ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያዎች ውስጥ የሚሠራው ሐበሻ ብዙ ነው፤ በወረርሽኙ ጊዜ የቢሮ ሕንፃው ሲራቆት የእሱም የሥራ ሰዓትና ጉርሻ አብሮ ተራቆተ። ለቢሮ ሠራተኛው መማረሪያ የሆነው የሰኞ ጠዋት መኪና ለእሱ እንጀራው ነው። ለጀማሪም ቢሆን ቅርበት ዋጋ አለው። የሶፍትዌር መሐንዲሶችን የተከታተለ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአንድ ሕንፃ የሚሠሩት በሥራቸው ላይ የበለጠ አስተያየት እንደሚያገኙ፣ በዚህም ይበልጥ የሚጠቀሙት አዲስ ገቢዎች እንደሆኑ አግኝቷል። ስለዚህ ቢሮ ይቅር የሚለውን ወገን አልቀላቀልም።

ጠበኛውን ክርክር በጥሩ ሁኔታ ያበረደው ሙከራ ከቻይና የመጣ ነው። የጉዞ ኩባንያው ትሪፕ ዶት ኮም ከስታንፎርዱ ኒኮላስ ብሉም ጋር ሆኖ 1,612 ሠራተኞቹን በልደት ቀናቸው ለሁለት ከፈለ። በጎዶሎ ቀን የተወለዱት ረቡዕና ዓርብ ከቤት እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው፤ ሌሎቹ አምስቱንም ቀን ገቡ። በ2024 «ኔቸር» ላይ በወጣው ውጤት መሠረት በምዘናም በዕድገትም ልዩነት አልታየም፤ ሥራ የሚለቅ ሰው ቁጥር ግን በሲሶ ቀነሰ። ሙከራው ሲጀመር ምርታማነት ይወርዳል ብለው የገመቱት ሥራ አስኪያጆች ሲያልቅ ሐሳባቸውን ለወጡ፤ ኩባንያውም ፈቃዱን ለቀሩት ሠራተኞች አዳረሰ። የተፈተነው ግን የቀን ብዛት ነው። ቢሮ በሚገባባቸው ሦስት ቀናት ሰውን በምን ዓይነት ክፍል እናስቀምጠው የሚለው ጥያቄ በዚያ ሙከራ ውስጥ አልነበረም፤ በየኩባንያው የመመለሻ ደብዳቤ ላይም እምብዛም አይነሳም።