አጥንት ስንቆጥር

«አጥንት መቁጠር» ስንል የዘር ሐረግ መቁጠር ማለታችን ነው። ከአርባ ምንጭ ቀና ብላችሁ በምታዩት የጋሞ ደጋ ግን የአንድ ሰው አጥንት በእውነት ተመርምሮ ዘመዱ ተፈልጎለታል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የአካባቢው ሽማግሌዎች መንገድ ያሳዩአቸው አርኪዮሎጂስቶች ሞታ ዋሻ ውስጥ የአንድ ጎልማሳ ወንድ አጽም አገኙ። ከሞተ 4,500 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ስሙን «ባይራ» አሉት፤ በጋሞኛ በኩር እንደማለት ነው።

አጥንት ብዙ ይናገራል። ከዳሌና ከራስ ቅል ጾታ፣ ከጥርስ አበቃቀልና መበላት ደግሞ ዕድሜ ይገመታል። ዲኤንኤ ግን በሙቀት ቶሎ ይበላሻል። የባይራ የተገኘው ከውስጠኛው ጆሮ ዙሪያ ካለው ጠጣር አጥንት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ ሲታተም ሙሉ የዘር መረጃው የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ አፍሪካዊ ሆነ።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። እዚያ ደጋግመው የሚነግሩን ነገር ቢኖር ቁጥር ለብቻው ትርጉም የለውም፣ ከምን ጋር እንደሚነጻጸር እይ የሚል ነው። አጥንትም እንደዚያው ነው። ባይራ ዛሬ ካሉ ሕዝቦች ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ የቀረበው ለደቡብ ኦሞ አሪዎች ነበር። ንጽጽሩ ሲበላሽስ? አጥኚዎቹ ከዩራሲያ የተመለሰ ዘር መላውን አፍሪካ አዳርሷል ብለው ነበር፤ በሶፍትዌር አለመጣጣም የተጋነነ መሆኑ ሲታወቅ በ2016 አረሙት።

ይህ የጥንት ወሬ ብቻ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በተከሰከሰው የኢትዮጵያ አውሮፕላን 157 ሰው አለቀ። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተሸኘው ባዶ የሬሳ ሣጥን ነበር። የሟቾቹ ማንነት የታወቀው ከወራት በኋላ ነው፤ ከስብርባሪው የተገኘው ዲኤንኤ ከቤተሰብ ከተወሰደ ናሙና ጋር ተመሳክሮ። የጥርስ ራጅ ያለው ሰው በራጁም ይለያል፤ እኛ ጋ ግን ራጅ የተነሳው ስንቱ ነው? ስለዚህ ለአብዛኞቻችን የሚቀረው ዘመድ ነው።

የሞተበትን ሳያይና ሳይቀብር ሰው እርሙን አያወጣም። ላቦራቶሪው ያስፈልጋል፤ ግን «የኔ ነው» ብሎ ናሙና የሚሰጥ ሰው ከሌለ አጥንቱ ዕድሜውንና ጾታውን ይነግረን ይሆናል እንጂ ስሙን አይነግረንም። ባይራም ስሙን ያገኘው ከእኛው ነው።