ዝም ያለው ሞደም ሞቷልን?

አንባቢ ሆይ! በቆቦና በአላማጣ መካከል ባለችው በዋጃ አንድ ወጣት ጸሐፊ አሮጌ የቤት ኮምፒውተር አለው እንበል። የስልኩን ገመድ ሰክቶ ፋክስ ለመላክ ቢሞክር፥ በውስጡ ያለው ሞደም ዝም አለው። ጎረቤቱም «ተቃጥሏልና ሌላ ኮምፒውተር ግዛ» ሲል መከረው። ይህ ወጣት ያጠራቀመውን ደመወዝ ይዞ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ሊመረምረው የሚገባ ነገር አለ።

የስልክ ገመድ የተሠራው የሰውን ድምፅ እንዲያደርስ ነው፤ ኮምፒውተር ግን የሚናገረው በቍጥር ነው። ሞደም ቍጥሩን ወደ ድምፅ፥ ድምፁንም ወደ ቍጥር የሚለውጥ አስተርጓሚ ነው። በአገራችን የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በ1989 ዓ.ም. የኢንተርኔት አገልግሎት ሲጀምር፥ ደንበኞች በስልክ እየደወሉ የሚገቡት በዚሁ አስተርጓሚ በኩል ነበር። ዛሬ ብዙው ሰው ኢንተርኔትን በእጅ ስልኩ ያገኛል፤ ስለዚህ ይህ ካርድ የሚገኘው በአሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ውስጥ ነው።

አበው «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉና አንተም ከገመዱ ጀምር። ገመዱን ከኮምፒውተሩ ነቅለህ በተራ ስልክ ላይ ሰካው። የመደወያው ድምፅ ካልተሰማ ጥፋቱ የመስመሩ ነው። ከተሰማ ደግሞ የኮምፒውተሩን ጀርባ ተመልከት። ሁለት ተመሳሳይ ቀዳዳዎች አሉ፤ አንዱ ከግድግዳ ለሚመጣው መስመር፥ ሁለተኛው ለስልኩ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥለህ ሞደሙን ራሱን ጠይቀው። በአሮጌው ዊንዶውስ የስልክና የሞደም ገጽ ላይ ለዚሁ የተዘጋጀ መመርመሪያ አለ። ኮምፒውተሩ «ኤቲ» በሚሉ ፊደላት የሚጀምር ትእዛዝ ይልካል፤ ሞደሙ ከመለሰ በሕይወት አለ ማለት ነው። ስሙ ከዝርዝሩ ከጠፋ ወይም ቢጫ ምልክት ካለበት፥ ብዙ ጊዜ የጎደለው ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ነው። ርካሾቹ ሞደሞች አብዛኛውን ሥራቸውን ለፕሮግራም ስለሚተዉ፥ ያለ እርሱ ድዳ ናቸው።

ይህም ካልሆነ ኮምፒውተሩን አጥፋ፤ የመብራቱንም የስልኩንም ገመድ ንቀል። ከዚያ ክፈተውና የብረቱን አካል በእጅህ ነክተህ ካርዱን አውጣ፤ አቧራውን ጠርገህ አጥብቀህ መልሰው፥ ወይም በሌላ ማስገቢያ ሞክረው።

አሁንም ዝም ካለ፥ ምናልባት መብረቅ አግኝቶት ይሆናል። በክረምት በራያ ቆላ ነጎድጓድ ሲመጣ፥ በስልክ ገመድ የሚገባው ኃይል አስቀድሞ የሚያገኘው ሞደሙን ነው። ኮምፒውተሩን ማጥፋት ብቻ አያድነውም፤ ደመናው ሳይደርስ የስልኩን ገመድ መንቀል ያስፈልጋል። የተቃጠለው ግን ካርዱ ብቻ ከሆነ፥ የሚለወጠውም ካርዱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ዝም ያለ ሁሉ አልሞተም። በተራ እየጠየቀ የሚመረምር ሰው ደመወዙን ያተርፋል፤ ይህም ልማድ በቢሮህ ላለው ለማናቸውም መሣሪያ ይሠራል።