የፕሮግራም ቋንቋ ምርጫና የሥራ ድካም

ሁለት የኮምፒዩተር ተማሪዎች ሻይ ቤት ከተገናኙ ክርክር አይጠፋም። አንደኛው «ፓይተን ይበልጣል» ሲል ሁለተኛው «ሲን ያላወቀ ፕሮግራም ጻፈ አይባልም» ይላል። የመመረቂያ ሥራቸው ቀን ግን ይነጉዳል። ለመሆኑ የቋንቋ ምርጫ ድካምን ይቀንሳልን? ቢቀንስስ የትኛውን ድካም?

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ቀድሞ መኪናው የሚታዘዘው በራሱ ቋንቋ ነበር። ሁለት ቁጥር ለመደመር እንኳ «አንደኛውን ከሜሞሪ አምጣ፤ ሁለተኛውን ጨምርበት፤ ድምሩን እዚህ አኑር» እያሉ እያንዳንዱን እርምጃ መጻፍ ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ጆን ባከስና የአይ ቢ ኤም ባልደረቦቹ ፎርትራንን ባወጡ ጊዜ ግን ይኸው ሥራ «ሐ = ሀ + ለ» እንደሚባለው ያለ አንድ መስመር ሆነ። ዝርዝሩን ኮምፓይለር የተባለው ተርጓሚ ፕሮግራም ይሠራዋል።

ፍሬድ ብሩክስ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ አንድ ሰው በዓመት የሚጽፈው የመስመር ብዛት ቋንቋው ቢለወጥም እምብዛም አይለያይም። እንግዲያው አንዱ መስመር የብዙውን ሥራ ከሠራ ትርፉ ግልጽ ነው፤ ብሩክስም እስከ አምስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል ብሏል።

በ2000 ደግሞ ሉትዝ ፕሬሸልት የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ ለአንድ ዓይነት ጥያቄ በሰባት ቋንቋዎች የተጻፉ 80 ፕሮግራሞችን አነጻጸረ። በፐርል፣ በፓይተን፣ በሬክስና በቲክል ለመጻፍ የወሰደው ጊዜ፣ በሲ፣ በሲ ፕላስ ፕላስና በጃቫ ከወሰደው ከግማሽ አልበለጠም። በአንጻሩ የፊተኞቹ ፕሮግራሞች የሲንና የሲ ፕላስ ፕላስን ሁለት እጥፍ ያህል ሜሞሪ ፈጁ። ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን በአንድ ቋንቋ በጻፉ ሰዎች መካከል የታየው ልዩነት በቋንቋዎቹ መካከል ከታየው መብለጡ ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ማለት ይህ አይደለምን?

ምክንያቱንም ብሩክስ ራሱ በ1986 ገልጾታል። የፕሮግራም ሥራ ሁለት ዓይነት ችግር አለበት፤ አንደኛው ከመሣሪያው፣ ሁለተኛው ከጉዳዩ ከራሱ የሚመነጭ ነው። ጥሩ ቋንቋ የመጀመሪያውን ያቃልላል። የቤተ መጻሕፍቱ የውሰት ደንብ ምን እንደሆነ፣ መጽሐፍ የጠፋበት ተማሪ እንዴት እንደሚመዘገብ አስቦ መወሰን ግን በየትኛውም ቋንቋ ያው ድካም ነው።

ስለዚህ፣ ጓዶች፣ ቋንቋ ከመምረጣችን በፊት እንጠይቅ፤ ፕሮግራሙ ስንት ዘመን ይኖራል? ከእኛ በኋላ ማን ያነበዋል? ፍጥነትና ሜሞሪ በእርግጥ ያስጨንቁታልን? የሥራ ባልደረቦቻችንስ የትኛውን ያውቃሉ? ለትንሽ ሥራ ሜሞሪውን በእጅ የሚያስቆጥር ቋንቋ መያዝ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያገኘ ተማሪ ክርክሩን በአንድ ሻይ ይጨርሳል፤ የቀረውን ጊዜ ለማሰብ ያውለዋል።