የኅሊና ነጻነትና «ሰው ምን ይለኛል?»

በየቤታችን ብዙ ነገር የሚወስን፥ ነገር ግን ማንም ሾሞት የማያውቅ አንድ ዳኛ አለ። ስሙም «ሰው ምን ይለኛል?» ነው። ለሠርግ ስንት በሬ እንደሚታረድ የሚወስን እርሱ ነው፤ ለተዝካር ስንት ጋን ጠላ እንደሚጠመቅ የሚያዝዝ እርሱ ነው፤ ሴት ልጅ ለማን እንደምትዳር፥ ወንዱም ልጅ ምን ሙያ እንደሚይዝ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጥ ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።

በቅርቡ በአንድ የማኅበር ጽዋ ላይ ተገኝተን ሳለ፥ አንዲት እናት እንባ እያነቃት እንዲህ ስትል ሰማናት፦ «አባትዋ ለወዳጁ ቃል ሰጥቷል፤ ልጄ ግን እምቢ ብላለች። ብታዝን አዝንላታለሁ፤ ቃላችን ቢታጠፍ ደግሞ ከሰው ፊት እንዴት እቆማለሁ?» ከተሰበሰቡት እኩሌቶቹ «ልጅ የወላጅዋን ቃል ትጠብቅ» አሉ፤ እኩሌቶቹም «ዘመኑ ተለውጧል፤ እንደ ፈቀደች ትሁን» አሉ። ክርክሩ ሳያልቅ ጽዋው ተነሣ። እኛ ግን ነገሩ ከኅሊናችን አልጠፋምና፥ ከታሪክና ከድርሰት ምስክሮችን ጠርተን ከአንባብያን ጋር ልንመረምረው ወደድን።

አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። «ሰው ምን ይለኛል?» ማለት ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። የታመመ ጎረቤት ሳይጠየቅ እንዳይቀር፥ የሞተ ሰው ያለ ቀባሪ እንዳይሆን፥ ሽማግሌ እንዳይዋረድ የሚጠብቅ እርሱ ነው። ዕድርና ማኅበር የቆሙት በከፊል በዚህ ይሉኝታ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ይሉኝታ ከአገልጋይነት ወጥቶ በኅሊና ወንበር ላይ የተቀመጠ ዕለት ነው።

የመጀመሪያዋ ምስክራችን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት። ይህች እናት በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከታላላቆች ወገን ተወልዳ፥ በልጅነትዋ ለዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። የወለደቻቸው ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ንጉሡ የሮምን ሃይማኖት ተቀብሎ ሕዝቡም እንዲቀበል ባስገደደ ጊዜ ባልዋ ከንጉሡ ጋር ቆመ። በዚያ ዘመን ለአንዲት የመኰንን ሚስት ቀላሉ መንገድ የታወቀ ነበር፤ ዝም ብሎ ከባል ጋር መኖር፥ በቤተ መንግሥትም መከበር። እርስዋ ግን ከቤትዋ ወጥታ ወደ ጣና ገዳማት ሸሸች።

በዚህ ስፍራ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ባልዋ ፈልጎ ባሳደዳት ጊዜ የተጠጋችበት አገር ሕዝብ ተጐዳ። እርስዋም ሌላው በእርስዋ ምክንያት እንዳይጠፋ ብላ አንድ ጊዜ ተመለሰች። ነገር ግን ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ስለ ሃይማኖታቸው ከተገደሉ በኋላ፥ ልብሳቸው በባልዋ እጅ መግባቱን ባወቀች ጊዜ ከዚያ ቤት መኖር አልቻለችም። ለሁለተኛ ጊዜ ወጣች፤ ከዚያም ወዲያ አልተመለሰችም። መነኰሰች፤ በንጉሡ ጉባኤ ፊት ቆመች፤ ዠበይ በተባለ በረሃም ሦስት ዓመት በግዞት ተቀመጠች። ሃይማኖቷን ግን አልለወጠችም።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጀ፤ መንግሥቱም ወደ ልጁ ወደ ፋሲለደስ ተላለፈ። ወለተ ጴጥሮስም ተከታዮችዋን በሰባት ማኅበር አደራጅታ ስታስተዳድር ኖራ፥ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች። ገድልዋም ከዕረፍትዋ 30 ዓመት በኋላ ተጻፈ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድር ነው? ነጻነት ማለት የወደዱትን ማድረግ አለመሆኑን ነው። ወለተ ጴጥሮስ የወደደችውን ብቻ ብትሻ ኖሮ ምቾትን በመረጠች ነበር። የፈለገችው በእግዚአብሔር ፊት ስለ ራስዋ በራስዋ አፍ መልስ መስጠትን ነው። ለሰው መጐዳት ግድ ያላት መሆንዋም ነጻነትዋን አላጐደለባትም፤ አከበረላት እንጂ።

ሁለተኛውን ምስክር ከድርሰት እናምጣ። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያላነበበ ወይም በራዲዮ ሲተረክ ያልሰማ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር እያሰብን እናለቅሳለን። ነገር ግን መጽሐፉን በጥንቃቄ ለተመለከተው ሰው፥ ሁለቱን የገደላቸው ፍቅር አይደለም፤ ሌሎች ስለ እነርሱ አስቀድመው የወሰኑት ውሳኔ ነው።

በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ በስለት ለእግዚአብሔር የሰጡት ልጅ ነው። ስለቱ የተገባው ከልብ ነበር፤ የእናትና የአባት ፍርሃትና ፍቅር የወለደው ነበር። ይሁን እንጂ ልጁ አድጎ የራሱ ልብ ሲኖረው፥ በማያውቀው ቀን በተገባ ቃል ታስሮ ራሱን አገኘው። ሰብለ ወንጌል ደግሞ የአባትዋ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት እስረኛ ናት። የሚመጣው ሽማግሌ ሁሉ «ዘሩ ከዘራችን አይተካከልም» እየተባለ ሲመለስ፥ የጋብቻዋ ዘመን በከንቱ አለፈ። ፊታውራሪ ልጃቸውን ጠልተዋት አይደለም፤ እንዲያውም ከሁሉ በላይ አድርገው ያከብሯት ነበር። ነገር ግን ያከበሩት ሰብለን ነው ወይስ በሰብለ ላይ የሚያዩትን የራሳቸውን ስም? ለወላጅ ሁሉ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው።

በዚያ አገር እውነቱን በግልጥ የሚናገር አንድ ሰው ነበረ፤ እርሱም ካሣ ዳምጤ ነው። ሕዝቡ ግን «ጉዱ ካሣ» ብሎ ሰየመው። ማኅበር መስማት የማይወደውን ነገር የሚናገርን ሰው ዝም የሚያሰኝበት ቀላሉ መንገድ ስም ማውጣት ነውና። የተናገረው ሐሰት መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም፤ «እብድ ነው» ማለት ብቻ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ሰሚ የለውም። በዛብህ ሸሽቶ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ሰብለም በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ ፍለጋውን ተከተለች። ያገኘችው ግን በሞት አፋፍ ላይ ነው። የዘገየ ነጻነት እንዲህ ነው፤ መቃብር ላይ ይደርሳል።

ሦስተኛው ምስክራችን ከዚህ የቀደመ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም» የተባለ ልብ ወለድ አሳትመው ነበር። ባለ ታሪኩ አወቀ ይባላል፤ በፈረንሳይ አገር ተምሮ ወደ ትውልድ ስፍራው የተመለሰ ወጣት ነው። አባቱ በሞተ ጊዜ ዘመዶቹ እንደ ልማዱ የተዝካር ድግስ እንዲደግስ ያስጨንቁታል። አወቀ አባቱን አልናቀም፤ ለሙታን መጸለይንም አልካደም። የተቃወመው የመብልና የመጠጡን ብዛት ነው። ደራሲው ይህን ሲጽፉ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ሆነው የሚነቅፉ ሰው አልነበሩም፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ፥ መጻሕፍትንም በመተርጐም የደከሙ ሊቅ ነበሩ። በመጽሐፉም መጨረሻ ጕዳዩን ወደ ካህናትና ሊቃውንት ጉባኤ ወሰዱት እንጂ፥ ባለ ታሪካቸው ወገኑን ረግሞ እንዲሰደድ አላደረጉም። ልማድን የሚያርም ሰው ሕዝቡን የሚወድድ መሆን እንዳለበት በዚህ አሳዩን።

እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ራስዋ ምን ትላለች? ፍትሐ ነገሥታችን ስለ ጋብቻ በሚናገርበት በ24ኛው አንቀጽ፥ ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ ጋብቻ እንደማይጸና ይደነግጋል። ይህ መጽሐፍ በግብፅ በ13ኛው መቶ ዓመት የተሰበሰበ ሲሆን፥ ወደ ግእዝ ተመልሶ ለብዙ ዘመን ለቤተ ክርስቲያንም ለመንግሥትም ሕግ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ የልጅን ፈቃድ መጠየቅ ዘመን ያመጣው እንግዳ ነገር አይደለም፤ እኛ የዘነጋነው የአባቶች ሥርዓት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ፈቃድን አጽንቷል፤ ለሴት ልጅ ግን 15 ዓመት ይበቃል ብሎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 ዓመት አድርጎታል፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ፈቃድ በወላጅ ፊት ምን ያህል ነጻ ሊሆን እንደሚችል ማንም ያውቃልና።

ቅዱስ መጽሐፍንም ብንመለከት ይህንኑ እናገኛለን። የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ሊያጭ በሄደ ጊዜ፥ የርብቃ ቤተሰቦች እጅ መንሻውን ከተቀበሉ በኋላ እንኳ ልጅቱን ጠርተው ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽን ብለው ጠየቋት፤ እርስዋም በራስዋ አፍ እሺ አለች። ሐናም ሳሙኤልን በስለት ሰጠችው፤ ነገር ግን እግዚአብሔር ሳሙኤልን በስሙ ጠራው፥ ሕፃኑም ራሱ መለሰ። የእናት ስለት በር ይከፍታል፤ በበሩ የሚገባው ግን ልጁ ራሱ ነው። በበዛብህ ታሪክ የጐደለው ይህ ነበር።

ይህን ስንል ለወጣቶችም የምንነግረው አለን። ወላጅን ማክበር ከዐሥሩ ትእዛዛት አንዱ ነው፤ በነጻነት ስም አይሻርም። ወላጅ ስለ ጠባይ፥ ስለ ሃይማኖትና ስለ ኑሮ የሚያየውን ልጅ በአንድ ጊዜ ላያየው ይችላል። ስለዚህ «እምቢ» ከማለት በፊት መስማት፥ ከሰሙም በኋላ ምክንያትን በትሕትና መግለጥ፥ የንስሐ አባትንም ማማከር ይገባል። ከሰው ጫና አመለጥን ብሎ ለጓደኛ ጫና መገዛትም ነጻነት አይደለም። በመንደሩ ሽማግሌ ፈንታ የባልንጀራን ሳቅ የሚፈራ ወጣት፥ ጌታውን ለወጠ እንጂ ነጻ አልወጣም።

ለዚያች እናት በዚያን ዕለት ያልሰጠናትን መልስ ዛሬ እንስጥ። እመቤቴ ሆይ፥ ባለቤትዎ የሰጡት ቃል ስለ ራሳቸው ቢሆን ኖሮ ቢጠብቁት ክብር ነበር። የሰጡት ግን የልጅዎን ቃል ነው፤ የሌላ ሰውን ቃል ደግሞ ማንም አስቀድሞ ሊሰጥ አይችልም። ሁለታችሁ ለወዳጃችሁ ሄዳችሁ፥ «ሳንጠይቃት ቃል ገባን፤ ጥፋቱ የእኛ ነውና ይቅር በሉን» ብትሉ፥ ሰው ለአንድ ወር ያማችኋል። ልጅዎ ያለ ፈቃድዋ ብትዳር ግን የሚያለቅስ ትዳር ዕድሜ ልክ ይቀራል። ሐሜተኛው በሠርጉ ማግሥት ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ልጅዎ ግን ከዚያ ቤት ትኖራለች።

በቅዱስ ቁርባን ጋብቻ ጊዜ ካህኑ ዘውድ የሚደፋው በወላጆች ራስ ላይ አይደለም፤ በሁለቱ ሙሽሮች ራስ ላይ ነው። ዘውዱን የሚሸከም ራስ አስቀድሞ እሺ ሊል ይገባዋል። ስለዚህ ማንም ቤተሰብ ሽማግሌ ከመቀበሉ በፊት ልጁን ለብቻው አስቀምጦ ይጠይቅ፤ መልሱንም ሳያቋርጥ ይስማ። «ሰው ምን ይለኛል?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ይሁን።