ስኳር፣ እርድ እና የሰው ጠባይ

ልደት ላይ ኬኩ ተቆርጦ፣ ለስላሳው ተቀድቶ፣ ልጆቹ ከሶፋ ሶፋ መዝለል ሲጀምሩ ከእናቶቹ አንዷ «ስኳሩ ነው!» ማለቷ አይቀርም። ማንም አይከራከራትም። ስኳር ልጅ ያቅበጠብጣል የሚለው እምነት አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ያለ ወላጅ የሚስማማበት ነው።

እውነታው ሌላ ነው። ልጁም ወላጁም የተሰጠው ስኳር ይሁን ሌላ ማጣፈጫ ሳያውቁ የተደረጉ በርካታ ሙከራዎች እ.ኤ.አ. በ1995 አንድ ላይ ሲገመገሙ፣ ስኳር የልጆችን ጠባይም ሆነ ትኩረት እንደሚለውጥ የሚያሳይ ነገር አልተገኘም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የታተመው ጥናት ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ከ5 እስከ 7 ዓመት ለሆናቸው፣ እናቶቻቸው «ስኳር አይስማማውም» ለሚሏቸው ወንዶች ልጆች ሁሉ ስኳር የሌለበት ማጣፈጫ ተሰጠ። ከእናቶቹ ከፊሎቹ ግን «ልጅሽ ብዙ ስኳር ወስዷል» ተባሉ። እነዚህ እናቶች «ልጄ ቅብጥብጥ ሆነብኝ» አሉ። አብረው ሲጫወቱ ሲታዩም ከልጁ ሥር አልጠፋ አሉ፤ የመንቀፍ አዝማሚያም ታየባቸው። የተለወጠው የእናትየው ዓይን ነበር። (ስኳር ለጥርስም ለክብደትም ጠንቅ መሆኑ እንዳለ ነው፤ የሚከሰሰው ባልሠራው ወንጀል መሆን የለበትም ለማለት ነው።)

ታዲያ «ምግብና ጠባይ ምን አገናኛቸው?» ማለትም ስሕተት ነው። ጉንፋን የያዘውን ሰው አስቡት፦ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይተኛል፣ ስልክ አያነሳም፣ እንግዳ ሲመጣ ፊቱን ያዞራል። ሰነፍ ወይም ኩሩ ስለሆነ አይደለም። ሰውነት ሲቆጣ፣ ሐኪሞች ኢንፍላሜሽን የሚሉት ማለት ነው፣ የመከላከያ ሴሎች ሳይቶካይን የተባሉ መልእክተኞችን ይለቃሉ፤ መልእክቱ በደምና በነርቭ አንጎል ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች ለጤነኛ ሰዎች ይህን ቁጣ የሚቀሰቅስ ጥቂት የባክቴሪያ ንጥረ ነገር ሰጥተው ነበር። ተሳታፊዎቹ በሰዓታት ውስጥ ከሰው የተነጠሉ ያህል ተሰማቸው፤ ስሜታቸውም ወረደ።

ምግብ እዚህ ውስጥ የሚገባው በዝግታ ነው። ሆድ አካባቢ የሚከማች ስብ እነዚያኑ መልእክተኞች ሳያቋርጥ ይለቃል። የምስር፣ የሽምብራና የአትክልት ቃጫ ግን አንጀት ውስጥ ላሉ ባክቴሪያዎች ምግብ ይሆናል፤ እነሱም ቁጣውን የሚያበርዱ አሲዶችን ያመርታሉ። እንግዲህ ሥራው የዓመታት ገበታ እንጂ የአንድ ቀን ኬክ አይደለም።

«መድኃኒቱ እርድ ነው» የሚሉም ብዙ ናቸው። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን በላብራቶሪ ሳህን ላይ ጥሩ ይሠራል፤ ከሆድ ወደ ደም የሚገባው ግን እጅግ ጥቂት ነው። አልጫችን ላይ እርድ ይጨመር፣ ለቀለሙና ለጣዕሙ። ተልባም እንዲሁ ነው፤ ኦሜጋ 3 አለው፣ ሰውነታችን ግን አንጎል ወደሚፈልገው ዓይነት የሚቀይረው ትንሹን ብቻ ነው። ስለዚህ የዓሣን ቦታ ሙሉ በሙሉ አይተካም። «ከስሜት ጋር የሚያያዘው ኬሚካል፣ ሴሮቶኒን፣ 90 በመቶው አንጀት ውስጥ ስለሚሠራ ደስታ ከሆድ ይመጣል» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው፦ የአንጀቱ ሴሮቶኒን ወደ አንጎል አያልፍም።

ተስፋ የሚሰጥ ውጤት የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአውስትራሊያ ይፋ በሆነ ጥናት 67 ድባቴ ያለባቸው ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን ለ12 ሳምንት በባለሙያ እየታገዘ አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣና የወይራ ዘይት ወደበዛበት አመጋገብ ዞረ፤ ሌላው ከሰው ጋር ተቀምጦ መጨዋወት ብቻ ነበረው። ከመጀመሪያው ወገን 32 በመቶ፣ ከሁለተኛው 8 በመቶ ከድባቴው ወጡ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ተሳታፊዎቹም ምን እንደሚበሉ ያውቁ ነበር። ብዙዎቹ ደግሞ መድኃኒታቸውን ወይም የምክር ሕክምናቸውን አልተዉም። እናንተም የድባቴ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ ገበታችሁን አሻሽሉ፤ መድኃኒቱን ግን ሐኪማችሁን ሳታማክሩ እንዳታቆሙ።