ልጆቻችን ባሕር ውስጥ ከመጥለቃቸው በፊት



በትምህርት ቤት ዕረፍት ወይም ከጦር ሠራዊት አገልግሎት በኋላ ከአሽቀሎን ወጣቶቻችን መካከል ወደ ኤላት ወርደው የአየር ጋን በጀርባቸው አዝለው፣ በኮራሉ መካከል ዓሣ ለማየት የሚጠልቁ አሉ። ከዚያ በፊት በዕብራይስጥ የተጻፈ የጤና መግለጫ ይሞላል፤ ልጁ ለአካለ መጠን ካልደረሰም ወላጅ ይፈርማል። ብዙ ጊዜ ወረቀቱን የሚተረጉምልን ልጁ ራሱ ነው። ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት ማወቅ የሚገባንን በአጭሩ እናቀርባለን።

ጆሮ ለምን ያማል?

በሊማሊሞ ቁልቁለት በመኪና የወረደ ሰው ጆሮው ድፍን እንዳለበት ያስታውሳል። ወደ ታች ስንወርድ የአየሩ ግፊት ስለሚጨምር ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ከጎንደር እስከ አሽቀሎን ባሕር ዳርቻ ያለው የግፊት ልዩነት ግን ውኃ ውስጥ 2 ሜትር ያህል ከመውረድ አይበልጥም። ልጁ ይህን በጥቂት ሰከንድ ይወርደዋል። 10 ሜትር ሲደርስ ግፊቱ ከላይ ካለው እጥፍ ይሆናል።

ስለዚህ ጠላቂው ገና ሳያመው አፍንጫውን ይዞ በቀስታ እፍ ይላል፣ ወይም ምራቁን ይውጣል። ካመመው ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ በኃይል አይወርድም። ጉንፋን የያዘው ልጅ ያን ቀን አይጥለቅ፤ የጆሮ ታምቡር ሊቀደድ ይችላል።

ትንፋሽ መያዝ አደጋ ነው

በ10 ሜትር ጥልቀት ከጋኑ አየር የሳበ ሰው ትንፋሹን ይዞ ቢወጣ፣ በሳንባው ያለው አየር ወደ እጥፍ ይሰፋል፤ ሳንባውንም ሊጎዳ ይችላል። የመጀመሪያው ደንብ ሳያቋርጡ መተንፈስና በቀስታ መውጣት ነው። አስም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያየው እንዳይጠልቅ የሚባለውም የጠበበ የአየር ቧንቧ አየሩን አፍኖ ሊይዘው ስለሚችል ነው።

እዚህ ላይ የወላጅ ድርሻ ትልቅ ነው። ልጁ እንዳይከለከል ፈርቶ በሁሉም ጥያቄ ላይ «የለብኝም» ሊል ይችላል። በሕፃንነቱ ሲያፍነው የነበረውን፣ የጆሮውን ቀዶ ሕክምና፣ አንዴ ራሱን ስቶ መውደቁን የምታስታውሰው ግን እናቱ ናት። ዕብራይስጥ አላነብም ብላችሁ ዝም አትበሉ። ወረቀቱን ሌላ ሰው ያንብብላችሁ፤ ጥርጣሬ ካለ ወደ ቁፓት ሖሊም ሐኪም ውሰዱት።

ከጠለቁ በኋላ

በጥልቀት የተሳበ ናይትሮጅን በደም ውስጥ ይሟሟል፤ ቀስ ብሎ ካልወጣ አረፋ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ በአውሮፕላን አይሳፈር። ተራራ መውጣትም እንዲሁ ነው፤ ከኤላት ሲመለሱ የሚታለፈው ሚጽፔ ራሞን 800 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ስለ መመለሻው ሰዓት አስቀድመው አስተማሪውን ይጠይቁ።

ልጁ ቤት ከገባ በኋላ መገጣጠሚያውን ካመመው፣ ከደነዘዘው፣ ካዞረው፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ያልተለመደ ድካም ከተሰማው «ይተኛና ይለፈው» አንበል። ወዲያውኑ 101 ደውለን መጥለቁን እንናገር።

እኛ የደጋ ሰዎች ባሕርን ብንፈራ አያስነቅፍም። ልጆቻችንን ግን ከመከልከል ይልቅ ጠይቀንና አውቀን ብንልካቸው ይሻላል።